የእናቴ ግፊት አልወርድ አለ፤ ጨው ከቀነስን በኋላ ምን ቀረን?

ጠያቂዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ጤና ጣቢያ ስትለካ 158/96 ሆነ። ሌላ ቀን ሲደገምም ያው ነው። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም አዘዙላትና "ጨውና ቅባት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ" ብለው ሸኟት። ወጥ ላይ ጨው መጨመር ትተናል፤ ግፊቷ ግን ያን ያህል አልወረደም። ኪኒኑን የምትውጠው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። "ከጀመርኩት ዕድሜ ልኬን ነው" ትላለች። ጎረቤት ደግሞ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል አፍልተሽ ጠጪ ብሏታል። አሁን ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ቤታችን 5 ሰው ነን፣ ለእሷ ለብቻ መሥራት ይከብዳል። እስቲ ምን ይሻለናል?

ባልትና አዘጋጅ ነኝ

እህቴ፣ ጨው ትተናል ስትዪ የትኛውን? በርበሬ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት ከነቅመሙ ጨው ይገባበታል። ሽሮው ላይ ያ በርበሬ ይገባል፣ እንደገና ጨው ይጨመራል። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ዳጣም ያው ናቸው። እነ ማጊ ደግሞ አብዛኛው ነገራቸው ጨው ነው። ስለዚህ ድስቱ ላይ ባትጨምሩም ሽሮው ጨዋማ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከገበያ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ ስንት እንደገባበት አታውቂም።

የሚሻለው ቀጣዩን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት ነው። ለደንበኞቼ ሳዘጋጅ "የግፊት" ብዬ ለይቼ ነው የማስቀምጠው፤ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጨዋማው ቤት ካለ ከሌጣ የሽንብራ ዱቄት ጋር እኩል ደባልቂው፤ እስኪያልቅ ይገፋል።

ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ

በላይኛው መልስ ላይ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ይሄ ዳቦውንም በርበሬውንም ጨምሮ ነው። ለታካሚዎቼ የምነግረው ቀላል ዘዴ አለ፦ አንድ ኪሎ ጨው ስትከፍቱ ፓኬቱ ላይ ቀኑን ጻፉ። 5 ሰው በቀን 5 ግራም ቢበላ 25 ግራም ነው፤ ኪሎው 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ መልሱን አገኛችሁ። ጨው ጨርሶ አቁሙ ማለቴ አይደለም። ያቺው ትንሿ አዮዲን ያላት ትሁን።

ለእሳቸው ለብቻ አትሥሩ። ቤቱ ሁሉ ይቀንስ፤ ግፊት በዘር ይሄዳል፣ ለእናንተም ይጠቅማችኋል።

ጾሙን አትፍሪው። ዳሽ የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው አመጋገብ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ የበዛበት፣ ጮማ ያነሰበት ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ሙዝ እኛ ጋ አለ። የጾም ምግባችንን የሚያበላሸው ጨውና ዘይት ነው። የሚረጋውን ዘይት ተዉት። ጎመኑንም ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያሳምምም። ራስ ምታትን ጠብቆ መዋጥ አይሠራም። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው።

ጡረተኛ፣ ጎንደር

ልጄ፣ ግፊት ካገኘኝ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ጨው ጨው ይላል፤ ምላስ እኮ ይለምዳል! መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። ሎሚ ጨምቁበት፣ ነጭ ሽንኩርቱን አብዙት፣ ቃሪያ አቅርቡላቸው። ጥቂት ሳምንት ካለፈ የሰው ቤት ወጥ ነው የሚጨውባቸው። ከጨው ይልቅ እኔን የከበደኝ አረቄ ነበር። እሱን ስተው ነው ቁጥሩ የወረደው። ለእናትሽ ይሄ ላይመለከታቸው ይችላል። በእግር ቤተክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ፣ ታክሲ ይቅር። ሽፈራውንም ይጠጡ፣ ምን ይጎዳል?

ፋርማሲስት

አባቴ፣ ይቅርታዎን፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ሽፈራው ኮንሶ ውስጥ እንደ ጎመን የሚበላ ምግብ ነው፤ እንደ ምግብ ይብሉት። ኪኒን ተክቶ ግፊት ያወርዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ግን የለም። የሚጎዳው መድኃኒቱን ሲያስተዋቸው ነው።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። እናትሽ ለጉልበት ወይም ለወገብ የሚወስዱት ማስታገሻ አለ? ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ሰው ግን ያለ ማዘዣ እየገዛ ይውጣቸዋል። ጨው ቀንሶ ቁጥሩ አልወርድ ያለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

አምሎዲፒን በቀን አንዴ ነው፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። ስለዚህ ማታ ከበሉ በኋላ ይውሰዱት፣ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ዛሬ ተውጦ ነገ የሚታይ መድኃኒት አይደለም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ቁርጭምጭሚታቸው ካበጠ ራሳቸው አያቁሙት፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። "ዕድሜ ልክ" ለሚሉትም፦ ክብደት የቀነሰና አመጋገቡን ያስተካከለ ሰው ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስለት ይችላል። በራስ ማቆም ነው አደጋው።

ከቨርጂኒያ

ቤት መለኪያ ካላችሁ ግማሹ ችግር አለካኩ ነው። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን ክንድ ላይ የሚታሰረውን ያዙ። ቡና ጠጥታ ከሆነ 30 ደቂቃ ይለፍ። 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯን አታጣምር፣ ክንዷ በልቧ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የሹራብ እጅጌ ላይ አይታሰርም። ወሬም የለም! የእኔ እናት ስልክ እያወራች ነበር የምትለካው። እዚህ ደግሞ ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው ይሸጣል፤ ሰው ሲመጣ ልላክልሽ?

ፋርማሲስት

ቆይ፣ እሱን ሳይጠይቁ አይሆንም። ሶዲየሙን የሚተካው ፖታሲየም ነው። ኩላሊት የታመመ ወይም ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየሙ ሊከማች ይችላል። መጀመሪያ ኩላሊታቸው ይመርመር።

ጠያቂዋ

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዳይክሎፌናኩን አገኘሁት፣ ትራሷ ሥር ነው የሚቀመጠው። ነገ ኪኒኖቿን ሁሉ ይዘን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። አንድ የቀረኝ፦ ሽሮው ያለ ጨው ከተፈጨ አይነቅዝም?

ባልትና አዘጋጅ ነኝ

የሚያቆየው ጨው ሳይሆን ድርቀት ነው። እህሉ በደንብ ይታመስ፣ ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ስለሚሆን ሳትከድኚው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ። ትንሽ ትንሽ አስፈጪ። እርጥብ ማንኪያ ብቻ አይግባበት።

ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ

ቁጥሩ 180/120 ከደረሰና ደረቷን ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ አፏ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎኗ ከዛለ ለእኛ አትጻፊ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፤ ቀንም ይሁን ሌሊት።