ፕሌይስቴሽን 1 ላይ ቺፕ ልገጥም ብዬ ሲዲው መዞር አቆመ

የሌሊት ጌመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ ስድባችሁን ጨርሱና ከዛ እርዱኝ።

ትልቁ ግራጫ ፕሌይስቴሽን 1 አለኝ። ጥቂት ኦሪጅናል የጃፓን ሲዲዎች እጄ ገቡ። ማሽኔ የአውሮፓ ስለሆነ አይቀበላቸውም። ይህን የአገር ገደብ የሚያሳልፍ ባለ 8 እግር ቺፕ ገዛሁና ስዕሉን ፊቴ ዘርግቼ ለመግጠም ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ሶልደር አድርጌ የማውቀው የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ብቻ ነው። መበየጃዬ 60 ዋት፣ ጫፉ እንደ ካቻቢቴ የሰፋ። ፍላክስ፣ ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባው ነገር፣ የለኝም። ሽቦውን ከተበላሸ ቻርጀር ነው የቆረጥኩት፣ ባለ ብዙ ክር። አሁን ስጽፈው ለራሴም ይገርመኛል።

ሦስቱ ሽቦዎች ያዙልኝ። አራተኛው እምቢ አለ። ደጋግሜ ሳሞቀው ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ነጥብ ተላጥታ ከመበየጃው ጫፍ ጋር ተነሳች። እዚህ ላይ ተናደድኩና ሁሉንም ነቅዬ ጣልኩ።

ማሽኑን መልሼ ስገጥመው መብራቱ ይበራል። ነጩ ስክሪን ከነድምፁ ይመጣል። ቀጥሎ ጥቁሩ መምጣት ሲገባው የሜሞሪ ካርዱና የሲዲ ማጫወቻው ሜኑ ላይ ይወድቃል። ሲዲው አይዞርም። ሌዘሩን አቃጥዬዋለሁ ብዬ አዲስ ከነሞተሩ አስመጥቼ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ቦርዱ ሞቷል ማለት ነው?

ጆይስቲክ፦

ሌንሱ አጠገብ ትንሽዬ የምትዞር ነገር አለች፣ ፖት ይሏታል። በቀጭን ካቻቢቴ ትንሽ አዙራት። የኔ እንደዛ ነው የተነሳው።

አሮጌ ቴስተር፦

ኧረ እንዳትነካት! ፖቷ የሌዘሩን ኃይል ነው የምትወስነው። ያረጀ ሌንስ ኃይል ሲጨመርለት ለጊዜው ያነባል፣ ግን ዕድሜውን እየበላ ነው። ያንተ ማሽን ደግሞ አርጅቶ አይደለም ያቆመው። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር፣ አንተ መበየጃ ይዘህ ገባህበት። ችግሩን መበየጃው የደረሰበት ቦታ ፈልገው።

ቦርዱ አልሞተም። ነጩ ስክሪን የሚመጣው ቦርዱ ላይ ካለው ሜሞሪ ነው፣ ሲዲ አይፈልግም። ጥቁሩ ግን ሲዲው ተነብቦ፣ የአገር ኮዱ ከታየ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሲዲው ክፍል ውጭ ያለው ደህና ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ጌም አትሞክርበት። ተራ የሙዚቃ ሲዲ አስገባ። ሙዚቃ የአገር ኮድ አይጠየቅም። ሙዚቃው ከተጫወተ ሌዘሩም ሞተሩም ጤነኛ ናቸው፣ የቀረው የኮዱ ጉዳይ ብቻ ነው። ካልተጫወተ ደግሞ ቺፑን እርሳው፣ መጀመሪያ ማሽኑን ወደ ድሮው እንመልሰው።

ከዛ ክዳኑን ክፍት አድርገህ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናትን ትንሽ ቁልፍ በእንጨት ተጫናት። ማሽኑ ክዳኑ የተዘጋ ይመስለዋል። ሲዲው መሐል ላይ ባሉት ትንንሽ ኳሶች ተይዞ ስለሚቆም አይወድቅም። መጀመሪያ ግን ሲዲ ሳታስገባ እይ። ሌንሱ ወደ መሐል ይሄዳል? ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል? ብርሃን አለው? ብርሃኑን በዓይንህ ቀጥ ብለህ እንዳታይ። በጎን በኩል በስልክ ካሜራ ተመልከተው፣ ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አሮጌውንም አዲሱንም ሌንስ በየተራ ሞክርና የሁለቱን ለየብቻ ንገረን።

አንድ ነገር ደግሞ። ትልቁ ሞዴል ውስጥ ያለው የፓወር ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ከግድግዳ የመጣ መብራት ነው ያለው። ተሰክቶ እያለ እጅህን እዛ ጎን እንዳትወስድ።

የሌሊት ጌመር፦

አመሰግናለሁ ጌታዬ። ሙዚቃውም አልተጫወተም።

አሮጌው ሌንስ፦ ወደ መሐል ይሄዳል፣ ይነቀንቃል፣ ሐምራዊ ነጥብም አለው። ሲዲ ሳስገባ ግን ሲዲው ጣት በምታክል ርቀት ዘወር ይልና ይቆማል። እንደገና ዘወር፣ እንደገና ቀጥ። ልክ ሊያስነጥሰው ብሎ እንደተወው ሰው።

አዲሱ ሌንስ፦ ይሄዳል፣ ይነቀንቃል፣ ብርሃን ግን ጭራሽ የለውም። ሲዲውም ንቅንቅ አይልም።

የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ መሰለኝ።

ሰባት ብሎን፦

የሸጠልህን ሰው ገና አትርገመው። አዲሱ ሌንስ ሥር፣ ሪባን ኬብሉ የሚገባበት ትንሽ ሰሌዳ ላይ፣ ሁለት ነጥቦችን አንድ ላይ የያዘች የሶልደር ጠብታ ትኖራለች። ከፋብሪካ ስትመጣ ሆን ተብሎ ነው የምትደረገው። ከእጃችን የሚወጣ የማይታይ ኤሌክትሪክ ሌዘሩን እንዳይገድለው ሁለቱን ጫፎች ታገናኛቸዋለች። ሳታነሳት ከገጠምክ ሌዘሩ አይበራም። ሌዘሩ ካልበራ ደግሞ ማሽኑ ሲዲ መኖሩንም አያውቅም፣ ስለዚህ አያዞርም። እኔ ራሴ በዚህች ጠብታ ሁለት ቀን ተሞኝቻለሁ።

ኬብሉን ከገጠምክ በኋላ ጠብታዋን በመዳብ ጥልፍ መጥጠህ አንሳት። በዛ 60 ዋት ግን አይሆንም። ሰው ለምነህም ቢሆን ቀጭን ጫፍ ያለው፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ አምጣ። ሌዘሩንም በቴስተር አትለካው። ቴስተሩ የሚልከው ጥቂት ኤሌክትሪክም ሊጎዳው ይችላል።

አሮጌ ቴስተር፦

ልክ ነው፣ ስለ ጠብታዋ ረስቼ ነበር። አሁን ግን አሮጌውን ሌንስ መልስና በሱ እንቀጥል። የሚያበራና የሚነቀንቅ ሌንስ አልተቃጠለም። ዘወር ብሎ ማቆሙ የሚነግረኝ ትእዛዙ ወይም ንባቡ መንገድ ላይ እየተቋረጠ ወይም ከሌላ ጋር እየተቀላቀለ ነው።

ሪባን ኬብሉን ነቅለህ መልሰህ ስካው፣ ቀጥ ብሎ ይግባ። ለውጥ ከሌለ ቦርዱን አውጥተህ ሽቦዎቹን በየዳህባቸው እግሮች ዙሪያ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠበው። ከዛ ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርግና እያንዳንዱን እግር ከጎረቤቱ ጋር ፈትሽ። ጮኸ ማለት ሁልጊዜ ሾርት ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንዶቹ በቦርዱ በኩል የተገናኙ ናቸው። መስመሩን በዓይንህ ተከተል። መስመር ሳይኖር ከጮኸ ያዝከው።

የተላጠችው ነጥብ ብዙም አታሳስበኝም። መስመሩ ከሥሯ ካልተቆረጠ በቀር ያለ እሷም ይሠራል። ከእግሩ እስከ መስመሩ ሌላኛው ጫፍ ለካው።

የሌሊት ጌመር፦

አገኘሁት!!

ኬብሉ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ቦርዱን አጠብኩት። ከሠራሁበት ቦታ የወጣው ቡናማ ዝቃጭ ጉድ ነው። የተላጠችውን ለካሁ፣ መስመሩ ደህና ነው። ከዛ እግሮቹን አንድ በአንድ። ስድስተኛው ላይ ቴስተሩ ጮኸ። በዓይኔ አየሁ፣ ምንም የለም። በአጉሊ መነጽር አየሁ፣ ምንም የለም። ቦርዱን ዘንበል አድርጌ መብራቱን ከጎን ሳበራበት አንዲት የመዳብ ፀጉር ብልጭ አለች። ከዛ የቻርጀር ሽቦ የቀረች አንዲት ክር። ሽቦውን ስነቅል ተበጥሳ ቀርታ፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንደ ድልድይ ተጋድማለች። የዓይን ሽፋሽፍት ከሷ ይወፍራል።

በመርፌ ጫፍ ነቀስ አደረግኳት። ለካሁ፣ ዝም። ገጠምኩት፣ ሙዚቃውን አስገባሁ፣ ቁልፏን ተጫንኩ። ዘወር አለ። አልቆመም። ያንን የሚያፏጭ የመዞር ድምፅ ስሰማ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጮህኩ። ጌሙም ገባ፣ ጥቁሩ ስክሪን መጣ።

በቃ፣ ሌዘሩ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር። አዲሱን በከንቱ ነው የገዛሁት። ጠብታዋም እውነት ነው፣ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ተይዘው አሁን ፊቴ ናቸው። አልነካኋትም፣ ለክፉ ቀን ከነጠብታዋ ትቀመጥ።

ሰባት ብሎን፦

እሰይ! ቺፑን እንደገና የምትሞክር ከሆነ ባለ ነጠላ ክር ቀጭን ሽቦ ተጠቀም፣ መጠቅለያ ሽቦ የሚሉትን፣ 30 ቁጥሩን። እሱ ፀጉር አይበትንም። ፍላክሱን ደግሞ አትሰስት። ጫፉ እግሩን ከሁለት ሰከንድ በላይ ከነካ ተወው፣ ይቀዝቅዝና እንደገና። በተላጠችው ነጥብ ፋንታ በዛው መስመር ላይ ሌላ ቦታ ፈልግ። ካጣህ አረንጓዴውን ቀለም በስለት በቀስታ ፍቀህ መዳቡ ላይ መበየድ ይቻላል።

የሌሊት ጌመር፦

እሺ። ለአሁኑ ግን ቺፑ መሳቢያ ውስጥ ነው። የጃፓኖቹ ሲዲዎችም ከሱ ጋር ናቸው። መጀመሪያ የተጣለ ሬዲዮ ቦርድ ላይ እለማመዳለሁ።

ጆይስቲክ፦

እንኳን ደስ አለህ። አሮጌ ቴስተር፣ ያንን ፖት ያለውን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የኔን ሦስት ጊዜ ነው ያዞርኳት፣ ድሮ የት እንደነበረች ደግሞ ምልክት አላደረግኩም። አሁን ወደ ቦታዋ እንዴት ነው የምመልሳት?