የህዳሴው ዘመን ባለቅኔዎች ፍቅር በዓይን ይገባል ሲሉ የምራቸውን ነው? ለክፍል ጽሑፌ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ለ20 ደቂቃ የማቀርበው ጽሑፍ አለኝ። ርዕሱ «ዓይንና ፍቅር በአውሮፓ ህዳሴ ግጥም» ነው። ሦስት ግጥሞች መርጫለሁ፦ የጣሊያናዊውን የፔትራርካን 3ኛ ሶኔት (ሶኔት ዐሥራ አራት መስመር ያለው ግጥም ነው)፣ የጆን ደንን «ዘ ኤክስታሲ» እና የሼክስፒርን 148ኛ ሶኔት።

የቸገረኝ ነገር ሦስቱ አለመስማማታቸው ነው። ፔትራርካ ጋ ፍቅር በዓይን በኩል ወደ ልብ ይገባል። ደን ጋ ከሁለቱ ፍቅረኞች ዓይን ጨረር ወጥቶ እንደ ክር ይገመዳል። ሼክስፒር ደግሞ ጭራሽ ዓይኔ አያሳየኝም ይላል። አስተማሪዬ «ዘይቤ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፤ ፍልስፍናውን አምጪ» ብለውኛል። የፍልስፍና ኮርስ የወሰድኩት አንድ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር? ሦስቱንስ አንድ ላይ የሚያያይዝ ነገር አለ?

ብራና

እህቴ፣ አስተማሪሽ ልክ ናቸው። ያኔ ዓይን እንዴት እንደሚያይ ራሱ ያልተቋጨ ክርክር ነበር። ባለቅኔዎቹም ክርክሩን ያውቁታል።

ፕላቶ «ቲማየስ» ላይ እንደሚለው ዓይናችን ውስጥ የማያቃጥል ለስላሳ እሳት አለ። እሳቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ከቀኑ ብርሃን ጋር ይዋሃዳል፣ የነካውንም ነገር ለነፍስ ይዞላት ይመለሳል። አርስቶትል ይህን አልተቀበለም። ከዓይን እንደ ፋኖስ ብርሃን የሚወጣ ከሆነ በጨለማ ለምን አናይም? ሲል ጠየቀ። እሱ እንደሚለው የሚታየው ነገር ቀለም በመሃል ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል፤ እንቅስቃሴው ነው ዓይን ጋ የሚደርሰው። ከዚያ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባስራው ተወላጅ ኢብን አል ሃይሰም መጣ። ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል እንጂ አይወጣም አለ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ቀላል ነው፤ ፀሐይን ትክ ብለን ስናይ ዓይናችንን ያመናል። መጽሐፉ በ1200 ገደማ በላቲን ይነበብ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ግን የሚወጣው ጨረር ከሰው ሐሳብ አልጠፋም። ባለቅኔው ሁለቱንም ያውቃል፣ እንደሚመቸው ይጠቀማል። ስለዚህ በየግጥሙ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ላኪው ማነው፣ ተቀባዩስ?

ፔትራርካ ላይ ሞክሪው። የሚያፈቅራትን ላውራን አየኋት የሚለው ሚያዝያ 6 ቀን 1327 አቪኞን ውስጥ በቅድስት ክላራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግጥሙ ውስጥ ቀኑ ስቅለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ነው፣ እሱም አልተጠነቀቀም። ያሰሩት የእሷ ዓይኖች ናቸው። ፍቅር፣ ግጥሙ ውስጥ ቀስት እንደያዘ ሰው ነው፣ እሱን ያለ ትጥቅ አገኘው፤ ከዓይኑ ወደ ልቡ የሚወስደው መንገድም ክፍት ነበር። ቀጥሎ ያለውን አስተውዪ። ያ በር አሁን የእንባ መውጫ ሆኗል ይላል። ፍቅር በገባበት እንባ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ፍቅርን ይወቅሰዋል፦ እኔን ባዶ እጄን ወጋኸኝ፣ እሷን ግን ታጥቃ ሳለ ቀስትህን እንኳ አላሳየሃትም፤ ይህ አያስከብርህም። እንግዲህ እዚህ ሁሉም ነገር የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ይቺ ነጥብ ብቻዋን አምስት ደቂቃ ታናግርሻለች።

የማታ አንባቢ

ከፔትራርካ በፊት አንድ ሰው ጨምሪ። ሶኔትን የጀመረው እሱ ነው የሚባለው ጃኮሞ ዳ ሌንቲኒ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዳግማዊ ፍሬድሪክ የሲሲሊ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነበር። አንዱ ሶኔቱ በቀጥታ ያንቺን ጥያቄ ይጠይቃል። ይህን የምታህል ሴት በእነዚህ ትንንሽ ዓይኖቼ እንዴት ገባች? ልቤ ውስጥስ እንዴት ቻላት? ደግሞ የገባችበት ቀዳዳ አይታይም።

መልሱን በጣም ነው የምወደው። በመስታወት የተከደነ እሳት ብርሃኑ መስታወቱን ሳይሰብር ያልፋል። እንዲሁ በዓይኔ አልፎ ልቤ የደረሰው እሷ ራሷ ሳትሆን ምስሏ ነው ይላል። አርስቶትልም ስሜት ህዋስ የነገሩን ቅርጽ ያለ ቁሱ ይቀበላል ብሎ ነበር፤ ሰም ከማኅተም ቀለበት ወርቁን ሳይሆን ምልክቱን ብቻ እንደሚወስደው። ጽሑፍሽን በዚህ ሶኔት ብትከፍቺ አድማጭ ወዲያው ይገባዋል።

መምህር

ልጄ፣ ደንን ለመረዳት ማርሲሊዮ ፊቺኖ ያስፈልግሻል። ፕላቶን ለአውሮፓ በላቲን የተረጎመ የፍሎረንስ ሰው ነው። በፕላቶ «ሲምፖዚየም» ላይ በ1469 ማብራሪያ ጻፈ፤ በ1484 ታተመ። ሰባተኛው ንግግር ላይ ፍቅር በዓይን እንዴት እንደሚተላለፍ እንደ ሐኪም ቁጭ ብሎ ያስረዳል።

የልብ ሙቀት ከጥሩ ደም ረቂቅ ተን ያወጣል። የዘመኑ ሐኪሞች መንፈስ ይሉታል። ይህ ተን ከዓይን ጨረር ጋር ተያይዞ ይወጣል። ፊት ለፊት ባለው ሰው ዓይን ገብቶ እስከ ልብ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ይረጋና ተመልሶ ደም ይሆናል። አሁን አንዱ ሰው ልብ ውስጥ የሌላው ሰው ደም ተቀምጧል። ያ ደም የወጣበትን ቤት ይናፍቃል። ፊቺኖ ናፍቆት ከዚህ ይመጣል ባይ ነው። ማስረጃ ብሎ የሚጠቅሰው ደግሞ ዓይኑ የታመመ ሰው ትክ ብሎ ያየውን ሰው ዓይን ማስያዙን ነው።

ነገር ግን ፊቺኖ ይህን ዓይነቱን ፍቅር ዝቅተኛው፣ በሽታው ብሎ ነው የሚመድበው። ከፍ ያለው ፍቅር ከዓይን ይነሣል እንጂ እዚያ አይቆምም። ከአካል ውበት ወደ ነፍስ ውበት፣ ከዚያም ወደ እግዚአብሔር ይወጣል። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ካስቲሊዮኔም በ1528 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ይህንኑ መወጣጫ በባለቅኔው በቤምቦ አንደበት አስተምሮታል።

አሁን «ኤክስታሲ»ን ክፈቺ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይተያያሉ። የዓይናቸው ጨረር ተገምዶ ዓይኖቻቸውን በአንድ ድርብ ክር ላይ ይሰካል። ነፍሳቸው ወጥታ መሃል ላይ ትነጋገራለች። እስከዚህ የፊቺኖ ደቀ መዝሙር ይመስላል። ከዚያ ግን ደን ወደ ታች ይመለሳል። ደማችን ለነፍስ የቀረበ መንፈስ ለማውጣት እንደሚደክም፣ ነፍስም ወደ አካል መውረድ አለባት ይላል። ያው የሐኪሞቹ ደምና መንፈስ ነው፤ እሱ ግን ለአካል መከራከሪያ አደረገው። ግጥሙ ትልቅ የሆነው በዚህ ይመስለኛል።

አንድ አደራ፦ «ደን ይህን ከፊቺኖ ወሰደ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ደምና መንፈስ ከጥንቱ ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ የሐኪሞች ሁሉ ትምህርት ነበር።

ከጎንደር

ይቅርታ መምህር፣ ይሄ የእኛ አገር ቡዳ አይደለም እንዴ? ሰው በዓይኑ ሰውን በላ የሚባለው?

መምህር

ጥሩ አየህ ወንድሜ። ፊቺኖ ራሱም ፍቅረኞች በዓይን የሚያዙበትን መንገድ ከክፉ ዓይን ጋር ነው የሚያያይዘው። ቡዳ ግን ከምቀኝነት ጋር ይነሣል፤ ፊቺኖ ጋ ደግሞ ያየው ሰው ክፉ ባያስብም ተንኳሹ ደም ነው። ተማሪያችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትጠቅሰው ክፍሉ ይነቃል። ከዚያ በላይ ግን ባትሄድበት ይሻላል።

የዓይን ክሊኒክ ሠራተኛ

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ደን ግጥሙ ውስጥ እስካሁን የወለድነው ዓይናችን ውስጥ ያለውን ሥዕል ብቻ ነው ይላል። ይህ የምናብ ነገር አይደለም። ብርሃን ባለበት ቦታ የሰው ፊት አጠገብ ቀርባችሁ ጥቁሩን የዓይኑን ክፍል ተመልከቱ። ትንሽዬ ራሳችሁን ታያላችሁ። የዓይን የፊት ሽፋን እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ነው። በዚያ ርቀት አንዱ ሌላውን ሲያይ የሚያገኘው ራሱንም ጭምር ነው።

ሌላው፣ የሚታየው ነገር ምስል ተገልብጦ ከዓይን በስተኋላ ባለው ሬቲና ላይ እንደሚያርፍ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ያስረዳው በ1604 ነው። የሼክስፒር ሶኔቶች የታተሙት በ1609 ነው። አንዱ ሌላውን አነበበ ማለቴ አይደለም፤ ግን ዘመኑ ስለ ዓይን እንደገና የሚጠይቅበት ነበር።

ጠያቂ፦ ሦስተኛ ዓመት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ። መምህር፣ ምክርዎን ይዣለሁ። የቀረኝ ሼክስፒር ነው። እሱ ላኪና ተቀባይ የለውም፤ እንዴት ነው ከእነዚህ ጋር የማስገባው?

ብራና

ሼክስፒር ጥያቄውን ቀይሮታል። 148ኛው ሶኔት መጀመሪያ ላይ ሁለት አማራጭ ያስቀምጣል። ወይ ፍቅር እውነቱን የማያዩ ዓይኖች ሰጥቶኛል። ወይ ዓይኔ በትክክል እያየ ፍርዴ ጠፍቶብኛል። ስህተቱ ከማየት ነው ወይስ ከመፍረድ? ይህ ንጹሕ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። አርስቶትል ፀሐይ ለዓይን አንድ ጫማ ስፋት ያላት ትመስላለች፣ እኛ ግን ከምድር እንደምትበልጥ እናምናለን ይላል። እዚያ ፍርድ ዓይንን ያርመዋል። ሼክስፒር የቸገረው የሚያርመው ፍርድም በፍቅር መያዙ ነው።

የጥንቶቹ ተጠራጣሪዎች (እውነትን በእርግጥ ማወቅ መቻላችንን የሚጠራጠሩ ፈላስፎች) ዋና መጽሐፍ፣ የሴክስተስ ኤምፒሪከስ ማለቴ ነው፣ በ1562 በላቲን ታትሞ ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝም በ1580 ስሜት ህዋሳትን ምን ያህል ማመን እንደሚቻል አጥብቆ ጠይቋል። የዘመኑን ጥርጣሬ ለማሳየት እነሱ ይበቁሻል።

ሶኔቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ደግሞ እንባ አለ። በማንጋትና በእንባ የደከመ ዓይን እንዴት እውነት ያያል? ፀሐይ ራሷ እንኳ ሰማዩ እስኪጠራ አታይም ይላል። ፔትራርካ ጋ እንባው ፍቅር በገባበት በር ወጣ። እዚህ ደግሞ ያው እንባ ዓይኑን ጋረደው። ሦስቱን የሚያያይዝ ነገር አለ ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እንባውን ነበር የምይዘው። ደን ጋ እንባ የለም፤ ምክንያቱም እዚያ ሁለቱም ይተያያሉ።

የማታ አንባቢ

በብራና ሐሳብ እስማማለሁ። ግን የመረጥሻቸው ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ የምትታየዋ ሁሌ ሴት ናት። የፈረንሳይዋ ከተማ የሊዮን ባለቅኔ ሉዊዝ ላቤ በ1555 ግጥሞቿን አሳትማለች። 2ኛ ሶኔቷ የሚጀምረው ቆንጆ ቡናማ ዓይኖችንና ከእሷ የዞረ እይታን በመጥራት ነው። የምትቃጠለው እሷ ናት፣ ዓይኑን የሚያዞረው ሰውየው ነው። ጊዜ ካጠረሽ የኬፕለርን ነገር ቀንሺና ለእሷ ሦስት ደቂቃ ስጪ። ከፔትራርካ ቀጥሎ ብታስገቢያት የቀስቱ አቅጣጫ ሲገለበጥ ክፍሉ በዓይኑ ያየዋል።

ጠያቂ፦ ሦስተኛ ዓመት

እሺ፣ እንደዚያ አደርጋለሁ። በሌንቲኒ እከፍታለሁ፣ ከዚያ ፔትራርካ፣ ላቤ፣ ፊቺኖና ደን፣ መጨረሻ ሼክስፒር። የላቤን ሶኔት በእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝቼዋለሁ፤ ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።