«ላንቺው ብዬ ነው»፦ የሱፐርሂሮ ድራማዎች ፍቅርን የያዙበት መንገድ ትክክል ነው?

ጭምብል አልባ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ክርክር ልከፍት ነው። ያላያችሁ ካላችሁ ታሪኩን ስለማወራው ተጠንቀቁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ጀግናው ማንነቱን ከሚወዳት ሴት የሚደብቀው ስለሚወዳት ነው ወይስ ስለማያምናት? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ስለማያምናት ነው። ደራሲዎቹ ግን «ላንቺው ብዬ ነው» የምትለዋን አረፍተ ነገር በጀግናው አፍ እያስገቡ ይሄን ነገር ፍቅር ነው ሲሉን ኖረዋል።

ሰሞኑን ዘ ፍላሽን፣ እንደ መብረቅ ስለሚሮጠው ጀግና ስለ ባሪ የሚያወራውን ድራማ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እያየሁት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረውን። ያኔ ዝም ብዬ ያለፍኩት ነገር አሁን አልዋጥ አለኝ። ባሪ ኃይሉን ገና እንዳገኘ ጆ፣ ማለትም ባሪ የሚወዳት የአይሪስ አባት፣ ለልጄ እንዳትነግራት ብሎ ቃል ያስገባዋል። ከዚያ ረዳቶቹ ኬትሊንና ሲስኮ ያውቃሉ፣ አባቷ ያውቃል፣ ቆይቶ ፍቅረኛዋ ኤዲ ሳይቀር ያውቃል። የማታውቀው አይሪስ ብቻ ናት። ስለዚያ ሯጭ ሰው ቀን ከሌት የምትጽፈው እኮ እሷ ናት! ከባሪ ጋር አንድ ቤት ያደገችውም እሷ ናት።

የመጀመሪያው ሲዝን 15ኛ ክፍል ላይ ያለውን አስታውሱ። ግዙፍ ማዕበል ወደ ከተማዋ እየመጣ ነው። ውሃው ዳር ቆመው ይሳሳማሉ። ከዚያ ዓይኗ እያየ ልብሱን ይቀይራል፣ በዚህ መንገድ እንድታውቂ አልፈለግኩም ይላታል፣ ይሮጣል። ሩጫው ጊዜውን ወደ ኋላ ይመልሰውና ያ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እሱ ያስታውሳል፣ እሷ አታስታውስም። መሳሙም፣ እውነቱን ማወቋም፣ የሁለታቸው የነበረው ቅጽበት በሙሉ እሱ ጋ ብቻ ቀረ። እና ይሄ ነው የፍቅር ታሪክ የተባለው?

መብረቅ ወዳጅ

እህቴ፣ ባሪ ላይ ጨከንሽበት። ልጁ እናቱ ፊቱ ተገድላ ያደገ ነው። የሚወደውን ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ቢደብቅ ምን ይገርማል?

ደግሞ ስጋቱ የፈጠራ አይደለም። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ባሪ ወደፊት ሮጦ ሳቪታር የሚባለው ጠላቱ አይሪስን ሲገድላት በዓይኑ አይቷል። ሳቪታር እሷን የሚፈልጋት ባሪን ለመስበር ነው። ስለዚህ ጆ ከመጀመሪያው ልክ ነበር።

ጭምብል አልባ

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ምሳሌ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ባሪ ያየውን ነገራት። ካወቀች በኋላ የራሷን ሞት ለመከላከል እሷም አብራ አሰበች፣ አብራ ታገለች። በመጀመሪያው ሲዝን ግን አደጋው ሁሉ ነበረባት፣ መረጃው ግን አልነበራትም። ጠላት መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ ማንን እየከፈተች እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ታዲያ መደበቁ ከምኑ ነው የጠበቃት?

ልብ ሰቀላ

እኔ ነገሩን ከሌላ ጎን ነው የማየው። ባሪም ጆም ጥፋተኛ አይደሉም። ጥፋተኛው የክፍሎቹ ብዛት ነው።

አስቡት። በዓመት 23 ክፍል ድራማ ያስፈልጋል። ዘ ፍላሽ ሲያልቅ 184 ክፍል ነበር፤ አሮው የሚባለው ሌላው የጀግና ድራማ ደግሞ 170። ይሄን ሁሉ በምን ትሞላዋለህ? ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ ተማምነው፣ ተስማምተው ቢኖሩ ደራሲው የሚጽፈው ነገር ያጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ ይጀምራል። ይገናኛሉ፣ ምስጢር ይወጣል፣ ይለያያሉ፣ አንዱ ሊሞት ሲል ይታረቃሉ፣ ሌላ ምስጢር ይመጣል። ምስጢሩ ሁሌም ተመሳሳይ ነው ምክንያቱም ርካሽ ነው። አዲስ ተዋናይ አያስፈልገውም፣ ፍንዳታ አያስፈልገውም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር አልተናገረም፣ አለቀ።

የአሮውን አራተኛ ሲዝን ያየ ሰው ያውቀዋል። የድራማው ጀግና ኦሊቨር ልጅ እንዳለው ደረሰበት። የልጁ እናት ለማንም እንዳትናገር አለችው፣ እሱም ሊያገባት ቀለበት ካሰረላት ከፌሊሲቲ ደበቀ። እሷ በዚያው ሰሞን በጥይት ተመትታ መራመድ አቅቷት በተሽከርካሪ ወንበር ነበረች። ነገሩ ሲወጣ ምን ሆነ? እግሯ ወደ ሕይወት የተመለሰው በዚያችው ቅጽበት ነው። ከወንበሩ ተነሳች፣ ቆመች፣ በእግሯ ተራምዳ ትታው ወጣች። እኔ ያን ሳይ ጨጓራዬ ነው የተላጠው። እንደገና መራመድ የቻለች ሴት! የሲዝኑ ትልቁ ደስታ መሆን የነበረበት ነገር የመለያያ ማድመቂያ ሆኖ ቀረ።

የድሮ ተመልካች

ልብ ሰቀላ፣ የክፍል ብዛት ያልከው ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ግን ላርምህ። የክፍል ብዛት እያለም እውነቱን ቀድሞ የተናገረ ድራማ ነበር። እኔ የምለው በ1993 የጀመረውን የሎይስ እና የክላርክን ድራማ ነው። በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ክላርክ ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ሦስተኛው ሲዝን ሲከፈት መልሷ ይመጣል። መነጽሩን ከፊቱ ላይ ታነሳና የሚጠይቀኝ ማነው፣ ክላርክ ወይስ ሱፐርማን ትለዋለች።

ይህቺ ናት ሎይስ! ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ደረሰችበት። ጋዜጠኛ አይደለችም እንዴ። ጭምብል አልባ ስለ አይሪስ ያለችው ነገር ልቤን የነካው ለዚህ ነው። አንዲትን ሴት ጎበዝ መርማሪ ናት ብለህ ካቀረብክ በኋላ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው እንዳታይ ማድረግ እሷን ማሳነስ ነው።

እርግጥ ያ ድራማም ከዚያ በኋላ ተንገዳገደ። በሦስተኛው ሲዝን ሰርጉ ደረሰ ብለን ስንጠብቅ ሙሽራዋ እንቁራሪት የምትበላ የሎይስ ቅጂ ሆና ተገኘች። ሕዝቡ በጣም ነው የተናደደው። እውነተኛው ሰርግ የተደረገው በ1996 ነው፣ በኮሚክ መጽሐፉም ሁለቱ በዚያው ሳምንት ተጋቡ። በ1997 ድራማው ተቋረጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «አገቡ፣ ሞተ» የሚል እምነት ተያዘ። እኔ ግን ሰርጉ አይደለም የገደለው እላለሁ። ተመልካቹን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ማታለል ነው የገደለው።

ስለ ወጣቱ ክላርክ የሚያወራውን ስሞልቪልንም ላንሳ። 100ኛው ክፍል፣ በ2006። ክላርክ በመጨረሻ የሚወዳትን ላናን ይዟት ወደ በረዶው ምሽግ ይሄዳል፣ ማንነቱንም ያሳያታል። ከሰል በእጁ ጨምቆ አልማዝ ያደርገዋል፣ አግቢኝ ይላታል። እሺ አለችው። በዚያው ሌሊት በመኪና አደጋ ሞተች። እሱ ቀኑን መለሰው፣ በሁለተኛው ዙር ግን እውነቱን አልነገራትም። ላና ተረፈች፣ በምትኩ አባቱ ጆናታን ሞተ። ትዕይንቱ ውብ ነው፣ እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል። ነገር ግን የሚያስተምረው ምንድን ነው? እውነቱን ብትነግራት ትሞታለች የሚል ነው። አምስት ሲዝን ስንጠብቀው የነበረው መተማመን የቆየው ለአንድ ቀን ነው፣ እሱም ተሰረዘ።

መብረቅ ወዳጅ

የ15ኛው ክፍል እና የዚህ መመሳሰል አሁን ነው የገባኝ። ሁለቱም ቦታ ወንዱ ያስታውሳል፣ ሴቷ ትረሳለች።

ሆኖም አሁንም አንድ ነገር እላለሁ። ድራማ ነው። ችግር የሌለበት ፍቅር ማን ያያል?

እህተ ሎይስ

እኔ አያለሁ። በ2021 የጀመረውን የሱፐርማን እና የሎይስን አዲሱን ድራማ ሙሉ በሙሉ አይቻለሁ፣ አራቱንም ሲዝን።

እዚያ ገና ሲጀመር ተጋብተዋል፣ መንታ ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ በመካከላቸው ማንነትን የተመለከተ ምንም ምስጢር የለም። ልብ ሰቀላ እንዳለው ከሆነ ይሄ ድራማ በሦስተኛው ሳምንት መሰልቸት ነበረበት። አልሆነም። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ሎይስ የጡት ካንሰር ያዛት። እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ተራራ የሚያነሳ ሰው፣ በሰከንድ አህጉር የሚያቋርጥ ሰው፣ የሚስቱን ሕመም የሚመታበት ጡጫ የለውም። ማድረግ የሚችለው አጠገቧ መሆን ብቻ ነው። እሷም ፈርታለች፣ ትቆጣለች፣ እንዲያዝንላት አትፈልግም፣ እሱም ምን ማለት እንዳለበት አያውቅም። ይሄ ግጭት አይደለም እንዴ? ልብ አይሰቅልም? ማንም ማንንም ሳይዋሽ ነው እኮ ይሄ ሁሉ የሆነው።

መብረቅ ወዳጅ፣ ችግር የሌለበት ፍቅር አምጡ ያለ ማንም የለም። ችግሩ ከውሸት ብቻ አይምጣ ነው የምንለው።

ሦስተኛው ሲዝን

ሁላችሁም ስለ መደበቅ ነው የምታወሩት። ከዚያ የከፋ አለ፣ እሱም መግደል ነው።

በ1994 አንድ ኮሚክ ላይ አረንጓዴው ፋኖስ የሚባለው ጀግና የፍቅረኛውን አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ተከትቶ ያገኘዋል። በኋላ የኮሚክ ጸሐፊ የሆነችው ጌይል ሲሞን በ1999 ከዚያ ተነስታ በኮሚክ ውስጥ የተገደሉ፣ የተደፈሩ፣ ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴቶችን ስም መዘርዘር ጀመረች። ዝርዝሩ በጣም ረጅም ነው። እነዚያ ሴቶች የሞቱት ጀግናው እንዲቆጣ ነው። የራሳቸው ታሪክ አልነበራቸውም።

ቴሌቪዥኑ ይሄን ወርሶታል። አሮው ላይ የኦሊቨርን የቀድሞ ፍቅረኛ ሎረልን አራተኛው ሲዝን ላይ ገደሏት። በኮሚኩ እኮ የኦሊቨር የፍቅር ታሪክ ከሷ ጋር ነው። ዘ ቦይስ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል፣ በ2019፣ ሂዩዊ የፍቅረኛውን እጆች ይዞ እያወራት ኤ-ትሬን የሚባለው ባለ ኃይል ሰው በፍጥነት ሮጦ ሰውነቷን ጥሶት ሲያልፍ እጆቿ ብቻ በሱ እጅ ላይ ይቀራሉ። አስደንጋጭ ነው፣ ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግን ስለ ፍቅረኛው ስለ ሮቢን ምን እናውቃለን? ምን ትወድ ነበር? ምንም። ሂዩዊን ለማስነሳት ተፈጠረች፣ አለቀች።

ልብ ሰቀላ

ዘ ቦይስ ላይ ግን ልከራከርህ። በኋላ ሂዩዊ ከአዲሷ ፍቅረኛው ከአኒ ጋር ሲሆን ኃይሉ ያለው እሷ ጋ ነው። እሱ ደግሞ ሦስተኛው ሲዝን ላይ እሷን ለማዳን ብሎ ጊዜያዊ ኃይል የሚሰጠውን መድኃኒት ይወስዳል። እሷ አልጠየቀችውም። ድራማው የሱን «ላንቺው ብዬ ነው» ስህተት መሆኑን ፊት ለፊት ያሳየዋል። ያስፈለገው ለራሱ እንደሆነ ያምናል በኋላ። ስለዚህ መንገዱ እየተቀየረ ነው።

ጭምብል አልባ

ይሄን ጥሩ አነሳህ። ከዚያም ቀድሞ በ2015 ጄሲካ ጆንስ የሚባለው ድራማ አድርጎታል። ጄሲካ ከሉክ ኬጅ ጋር ስትጀምር ሚስቱን የገደለቻት እሷ መሆኗን ታውቃለች። የሰውን አእምሮ በሚያዝዘው በኪልግሬቭ ትእዛዝ፣ ፈቃዷ ተወስዶ፣ በአንድ ቡጢ። ደበቀችው። እሱ ግን ሌላ ሰው ነው የገደላት ብሎ ሊበቀል ሲነሳ ተናዘዘች። እዚህ ጋ ዘፈን አልተለቀቀላትም፣ ለደህንነቱ ብላ ነው የሚል የለም። ሉክ ተቆጣ፣ ሄደ፣ እኛም ልክ ነው አልን። ሴትም ሆነ ወንድ የሚወደውን ሰው ሲያታልል ዋጋ እንደሚከፍል ሳያሳብብ ያሳየ ድራማ እሱ ነው። ደግሞ ጄሲካ ላይ የደረሰው ግፍም አልተረሳም።

መደበቅ ከድራማ ይጥፋ አላልኩም። ሲደበቅ ደራሲው ከማን ጋር ነው የሚቆመው? እሱን ነው የምጠይቀው።

የድሮ ተመልካች

አንድ ነገር ጨምሬ ልውጣ። ይሄ የደራሲ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከላይ የሚመጣም አለ። በ2013 የባትዎማንን ኮሚክ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ። አንዱ ምክንያት ጀግናዋ የምትወዳትን ሴት እንዳታገባ መከልከላቸው ነበር። የአሳታሚው ኃላፊ ያኔ በይፋ የሰጠው ማብራሪያ ጀግኖች ደስተኛ የግል ሕይወት ሊኖራቸው አይገባም የሚል ነበር። ከመስዋዕትነት ጋር ነው ያያያዘው። እኔ ይሄን እስካሁን አልተቀበልኩትም። ከተማ ሙሉ ሰው ለማዳን ሌሊቱን የሚያድር ሰው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው ቢኖር ጀግንነቱ ምኑ ይቀንሳል?

እህተ ሎይስ

አይሪስን ያነሳን ጊዜ የምትጫወታትን ተዋናይት ሳንጠቅስ ባናልፍ። ካንዲስ ፓተን ጥቁር በመሆኗ ብቻ ዓመታት ሙሉ የዘረኝነት ስድብ ወርዶባታል፣ ራሷም በይፋ ተናግራዋለች። ባሪ ለሷ አይገባም፣ እሷ ለሱ አትመጥንም የሚሉት ብዙዎቹ ስለ ድራማው አልነበረም የሚያወሩት። ጽሑፉ እሷን ከምስጢር ውጭ አድርጎ ሲያቆያት ደግሞ ለተሳዳቢዎቹ «አይሪስ ምን ታደርጋለች?» የሚሉበት ቀዳዳ ሰጣቸው።

መብረቅ ወዳጅ

ያን 15ኛ ክፍል ደግሜ አይቼው መጣሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ከባሪ ጋር ነበር የሮጥኩት። ካሜራው ከሱ ጋር ስለሚሄድ ሐሳቤ ሁሉ ማዕበሉ ላይ ነበር፣ ይደርሳል አይደርስም እያልኩ። ዛሬ ግን ትቷት የሄደው ሰው ላይ ቀረሁ። ያደገችው አብራው፣ የምትጽፈው ስለሱ፣ የሳመችውም አሁን፣ ሁሉም አንድ ሰው እንደሆነ ያወቀችው በዚያች ደቂቃ ነው፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቀው ሄደ። ቀኑ ሲመለስ ባሪ ነገ ምን እንደሚሆን እያወቀ ይመጣል፣ አይሪስ ደግሞ ኤዲን እንደምትወድ እየነገረችው ቆማለች። እሱ የተከፋው መልሷ ከተሰረዘው ቀን ጋር ስላልተመሳሰለ ነው።

ባሪ ላይ ተሸንፌያለሁ። ጆ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም፣ አባት ነው።