ቀድሞ የነበረ ድብርት እና የካሳ ጥያቄ (እንግሊዝ አገር)

ጠያቂ (ለንደን)፦
ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት መጋዘን ዕቃ የተጫነበት መደርደሪያ ከአጠገቤ ተደረመሰ። አካሌ ባይነካም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሎ፣ ሥራ መግባትም አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። የአሠሪዬ ኢንሹራንስ ከጂፒዬ (ከአካባቢዬ ሐኪም) መዝገብ በ2017 እ.ኤ.አ. የተጻፈች አንዲት መስመር መዝዞ፣ «ያኔም የድብርት መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር ካሳ አይገባዎትም» ብሎኛል። መድኃኒቱን ለሰባት ወር ወስጄ ካቆምኩ በኋላ እስከ አደጋው ድረስ በሕመም ቀርቼ አላውቅም። መብቴ በዚህ ይቀራል?

መልስ 1፦
አይቀርም። የእንግሊዝ ሕግ አጥፊው ተጎጂውን ከነድካሙ እንዲቀበለው ያስገድዳል። ለእርስዎ የሚቀርበው የሎርዶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት) በ1995 እ.ኤ.አ. የወሰነው የፔጅና የስሚዝ ክርክር ነው። መምህሩ ፔጅ በ1987 መኪናቸው ተገጭታ አንዳች ሳይቆስሉ፣ ለዓመታት ሲሄድ ሲመለስ የኖረ የድካም በሽታ አገርሽቶባቸው ማስተማር አቃታቸው። ዳኞቹ በ3 ለ2 ድምፅ፣ የአካል ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል መገመት ከተቻለ የአእምሮው ጉዳት ለብቻው መገመት አያስፈልገውም አሉ።

የካሳው መጠን ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አደጋው ባይደርስ ኖሮ ጤናዎ ምን ይመስል ነበር የሚለው ይመዘናል። የአእምሮ ሐኪሙ «በሁለት ዓመት ውስጥ ማገርሸቱ አይቀርም ነበር» ብለው ካሳመኑ፣ የደመወዝ ኪሣራዎ እስከዚያ ብቻ ሊታሰብ ይችላል። እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ እንደ መደራደሪያ እንጂ እንደ ፍርድ አይዩት።

መልስ 2፦
በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። እኔን የጠቀመኝ የደመወዝ ወረቀቴ ነበር፤ ከአደጋው በፊት የሠራኋቸው የሌሊት ተራዎች በሙሉ ሰዓታቸው ተጽፎ ይታይ ስለነበር፣ «ድሮም ታማሚ ነበረች» ማለት ከበዳቸው። የ2017ቱን ነገር ለሐኪሙ ራስዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ያነቡታልና፣ የተደበቀች መስመር ከተገኘች የቀረውንም ቃልዎን ይጠራጠሩታል። ክስ የሚመሠረተው በመሠረቱ በ3 ዓመት ውስጥ መሆኑንም አይርሱ።

መልስ 3 (አዲስ አበባ)፦
ለንጽጽር ያህል፣ በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ዛሬ ይህ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ እናንተው ፍረዱ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ2018 እና የ2019 የሥራ ተራ ሰሌዳዬን ከአሠሪዬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።