ልንመለስ ነው፦ ጀርመን ሼፐርድ ወይስ ማልቲዝ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በመስከረም ከአሜሪካ ጠቅልለን ባሕር ዳር እንገባለን። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን፣ እናቴም አብራን ትኖራለች፤ ቤቱ ግቢ አለው። ውሻ ልንይዝ ነው፤ ባለቤቴ ለጥበቃ ትልቁን ጀርመን ሼፐርድ ይላል፣ ልጆቹ ትንሹን ማልቲዝ። ሁለቱንም የምታውቁ ምከሩን።

መልስ
እህታችን፣ በሰላም ግቡ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተነጋግራችሁ ቁረጡ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ውሻውን የሚያወጣው ማን ነው? ጀርመን ሼፐርድ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ ሲያድግም እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። እናትሽ ገመዱን ይዘው ሊያወጡት አይችሉም። ያልሠራ ሼፐርድ ግቢ ይቆፍራል፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። ይህን ያዩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ያስሩታል፤ ችግሩ የሚብሰው ያኔ ነው። ታስሮ የዋለ ውሻ ቁጡ ይሆናል፣ ኳስ ተከትሎ የሚጠጋውን የ5 ዓመት ልጅ ይነክሳል።

ሙቀቱንም አስቡበት። ፀጉሩ ድርብ ስለሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምታወጡት ከጠዋቱ 1፡30 በፊት ወይም ከ11፡30 በኋላ ብቻ ነው። ማደሪያውን ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ላዩን ሣር አልብሱት። ክረምት ላይ የውስጡ ፀጉር ርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ቆዳው ይቆስላል፤ ዝናብ በመታው ቁጥር በፎጣ አድርቁት፣ አበጥሩት፣ በዚያው እጃችሁን ከጆሮው ሥርና ከጣቶቹ መሐል አስገብታችሁ መዥገር ፈልጉ። ቡችላ ስትገዙ የእናትና የአባቱን አረማመድ እዩ፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ከዘር ይወረሳል።

ማልቲዝ ከ4 ኪሎ አያልፍም። ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም፣ ግን በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፤ ለክረምቱ ጭቃ አሳጥሮ መቁረጥ ይሻላል። ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል፣ ከሶፋ ሲዘል የጉልበቱ ሎሚ ሊወልቅ ይችላል። ትንሹ ልጅሽ የሚያቅፈው ቁጭ ብሎ ብቻ ይሁን። የመንደር ውሾች አንዴ ከያዙት አይተርፍም፣ ስለዚህ ያለ ገመድ ከበር አይውጣ።

ባለቤትሽ ራሱ የሚያሠለጥነው ከሆነ ሼፐርድ ያዙ። ሥራው ለእናትሽ ወይም ለዘበኛ የሚወድቅ ከሆነ ማልቲዝ ነው የምለው። ሰው መምጣቱን ለማሳወቅ እሱም ይጮኻል፤ በሩን የሚጠብቀው ቁልፉና ዘበኛው ነው።

ሌላ መልስ
ስለ ምግቡ ልጨምር። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ቢበስልም መርዙ አይጠፋም። በኪሎ ክብደት 15 ግራም ገደማ ይበቃል። 3 ኪሎ ለሚመዝን ማልቲዝ ይህ ግማሽ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ሼፐርድ ግን በዚያ መጠን ምንም ላይሆን ይችላል። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው የሚመጣው፦ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ለሁለቱም አይሰጥ። የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ሥጋ ደህና ነው፣ ግን አጥንቱን አንድ በአንድ ልቀሙ።

በዓል ላይ በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትጣሉ። ውስጡ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ከዚያ ሰው ጉበት ላይ ያው ከረጢት ይወጣል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው የሚሰጠው የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም፤ ለ35 ኪሎ ውሻ 175 ሚሊግራም።

ሌላ መልስ
ውሻውን ከአሜሪካ የምታመጡት ከሆነ፣ አንድ ቀንም ወደዚያው የምትመልሱት ከሆነ ወረቀቱን አሁኑኑ ጨርሱ። ኢትዮጵያ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘንድ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮም ሕጉ ጠበቅ ብሏል። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ)፣ ከዚያ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከአሜሪካ ሳትወጡ ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም የክትባቱን ማረጋገጫ ቅጽ ሞልቶ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ይጸድቅ። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጠ ከሆነ ግን ወደ አሜሪካ ስትመለሱ የደም ምርመራ ውጤትና በተመዘገበ ማቆያ ቀድሞ የተያዘ ቦታ ያስፈልጋል፤ የደም ውጤቱ ከሌለ 28 ቀን ማቆያ ይገባል። ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ አሜሪካ ጭራሽ አይገባም።