የራሴን ካያክ ልግዛ ወይስ በክለቡ ልቀጥል? (ሀዋሳ)

አቶቴ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስተማሪ ነኝ። ካያክ (ጠባብና ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ) መቅዘፍ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ሁሌም በክለብ ጀልባ ነው። አሁን ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሀገሯ የምትመለስ አንዲት የውጭ ዜጋ የራሷን ልትሸጥልኝ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት፣ 3 ሜትር ከምናምን። እስከ እሁድ መልስ ትፈልጋለች።

ለምን አማረኝ መሰላችሁ? ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ስደርስ ጥሩዎቹ ተወስደዋል። የሚቀረኝ ለረጅም ሰው የሚሆነው ነው፤ እግሬ መርገጫው ላይ አይደርስም። እግር ካልረገጠ በክንድ ብቻ ነው የሚቀዘፈው፣ ትከሻዬን ሁለት ቀን ያመኛል። ባለፈው ወር ደግሞ የኋላው ቡሽ (የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳውን የሚደፍነው) ሳይገጠም ሰጡኝ። እኔም ሳላይ ገባሁ። ዳሩን ከራቅኩ በኋላ ጀልባው እየከበደኝ መጣ፣ ያዘነብል ጀመር። በጣም ነው የደነገጥኩት። "የራሴ ቢኖረኝ" ያልኩት ያን ቀን ነው።

ግን መኪና የለኝም። ከአቶቴ እስከ ሐይቁ ደግሞ ቅርብ አይደለም። አከራዬ እማማ አጥሩ ሥር ይቀመጥ ብለውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ቦታው ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ፒያሳ ሰፈር፦
እህቴ፣ እኔ ገዝቼ ሸጫለሁ። በጀልባው አልተከፋሁም፤ ያሰለቸኝ ማመላለሱ ነው። 3 ሜትር ፕላስቲክ 20 ኪሎ ያልፋል፣ ባጃጅ አይጭነውም። ዛሬ ፒክአፕ ልመና፣ ነገ አጋዥ ፍለጋ። በክለብ ሳለሁ በሳምንት ሁለቴ እወጣ ነበር፤ ከገዛሁ በኋላ በወር አንዴ። ፀሐዩንም አትናቂው። ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ከገዛሽው በሸራ ሸፍኚው፣ በጎኑ አስቀምጪው። ሁለት ድንጋይ ላይ ከተጋደመ በሙቀት ይጎብጣል።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ፦
አባቴ አሞራ ገደል ዓሣ እያወጣ ነው ያሳደገኝ። እኔ ስለ ገንዘቡ አይደለም የምጠይቅሽ። ብቻሽን ትወጫለሽ ወይ? የራስሽ ሲኖርሽ ማንንም አትጠብቂም፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል። አንቺም የምትወጪው ያኔ ነው። ውሃ ውስጥ ከሆነ አይታይም። ቄጠማውን፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያለውን ዳር፣ ራቂ። ነፋሱም አለ። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት ሌላ ነው። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ከያዘሽ ዳሩ ይርቅሻል። አባቴ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይመለስ ነበር፣ ዓሣ ባያገኝም።

ታቦር ሥር፦
ሴትዮዋ ጀልባውን የት ነው የምታሳድረው? ውሃ ዳር ከሆነ ቦታውንም ታስረክብሽ እንደሆነ ጠይቂያት። ያ ከተገኘ ግዢ። ካልሆነ የራስሽን መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ብቻ ግዢ። ጃኬቱን አጥብቀሽ ልበሺና ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭሽ ድረስ ከወጣ ሰፍቶሻል ማለት ነው። የእግር መርገጫው ደግሞ በብዙ ካያክ ላይ ይንሸራተታል። ወደ አንቺ ስበሽ አይተሻል?

አቶቴ ነኝ፦
መርገጫው እንደሚሳብ ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ዛሬ ሄጄ ሞከርኩት፣ ደረሰልኝ። ሴትዮዋንም ጠየቅኳት። ጀልባው የሚያድረው በምትሠራበት ግቢ ስለሆነ ቦታው ለእኔ አይሆንም አለች። ስለዚህ ጀልባውን ተውኩት። መቅዘፊያዋንና ላይፍ ጃኬቷን ለየብቻ ልትሸጥልኝ ተስማምታለች፤ ጃኬቱን ለክቼዋለሁ፣ አይወጣም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። ከእንግዲህ አልወጣም። ቅዳሜ ከሁለት ልጆች ጋር ነን፣ ቡሹንም በእጄ አጥብቄ ነው የምገባው።