የጸሐፊዎች መጽሔት በዶላር መመዝገብ ያዋጣል ወይ? ጅማ ላለ ሰው

ሂርማታዋ
ሰላም ጀመዓ፣ ጅማ ነኝ፣ ቀን ቡና መጋዘን ሂሳብ እሠራለሁ ማታ ማታ አጭር ልቦለድ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ። እስካሁን 11 ታሪክ አለኝ፣ ሁሉም ደብተር ላይ ነው፣ ሦስቱን ብቻ ስልኬ ላይ ታይፕ አድርጌያቸዋለሁ። ከታናሽ እህቴ በቀር ማንም አላነበባቸውም፣ እሷ ደግሞ ሁሉንም «ያምራል» ነው የምትለኝ።

አሁን አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ራይተርስ ዳይጀስት የሚባለውን መጽሔት የዓመት ላስመዝግብሽ አለችኝ፣ ካልፈለግሽ ደግሞ ብሩን ልላክልሽና የፈለግሽውን አድርጊበት አለች። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ ያ ገንዘብ ለኔ ብዙ ነው፣ ስንት መጽሐፍ ይገዛል። ግን እዚህ አጻጻፍ የሚያሳየኝ ሰው የለኝም፣ አንዳንዴ አንድ ታሪክ ጨርሼ ጥሩ ይሁን መጥፎ ራሴም አላውቅም፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ተመዝግቦ የሚያውቅ ካለ እውነቱን ንገሩኝ፣ ጠቅሟችኋል?

የአዌቱ ዳር
እህቴ እኔ ሁለት ዓመት ተመዝግቤ ነበር፣ ወንድሜ ነው የከፈለልኝ። ያኔ በዓመት 6 እትም ነበር፣ በወረቀት ስለነበር በፖስታ ሳጥን ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ወራት አልፎት ነው፣ ሁለቱ እስከዛሬ አልደረሱኝም፣ ከወሰድሽ በዲጂታል ይሁን።

ውስጡ ምን አለ ካልሽ፣ መጽሔቱ በ1920 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ የምትባል የኦሃዮ ከተማ ነው የተጀመረው፣ ሥራው ደግሞ የአሜሪካ ጸሐፊ ጽሑፉን እንዲሸጥ መርዳት ነው፣ ስለዚ ብዙው ገጽ ለኤጀንት (የደራሲውን ጽሑፍ ለአሳታሚ የሚያቀርብ ወኪል ነው) ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል፣ የትኛው አሳታሚ ምን ይፈልጋል፣ ውድድር ምናምን ነው። እኛ ጋ ደራሲው ራሱ ብር አጠራቅሞ ማተሚያ ቤት ሄዶ አሳትሞ ለአከፋፋይ ያስረክባል፣ ከዛ አዟሪው ተሸክሞ ይዞርለታል። የኤጀንት ደብዳቤ ለማን ትጽፊያለሽ?

ግን ውሸት አልናገርም አንድ ነገር አግኝቼበታለሁ። ታሪክህን ከመሃል ጀምር፣ የመጀመሪያውን ገጽ ቅደደውና ምን እንደጎደለ እይ የሚል ምክር ነበረው። ከአጋሮ ወደ ጅማ ስለሚመጣ ሰውዬ የጻፍኩት ታሪክ ነበረኝ፣ አንደኛው ገጽ ላይ ሰውየው ይነቃል ይታጠባል ቁርስ ይበላል። ቀደድኩት። አሁን ረዳቱ «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ሰውየው ግን አንድ እግሩን ሚኒባሱ ላይ ሰቅሎ ልግባ አልግባ ሲል ይጀምራል። ወላሂ ሌላ ታሪክ ነው የሆነው። ለዛ አንድ ምክር የሁለት ዓመት ክፍያ ያስፈልግ ነበር ወይ ብትይኝ ግን አያስፈልግም ነበር።

የአማርኛ መምህር
ልጄ፣ ገንዘቡን ያዢው። እዚሁ ጅማ አማርኛ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው፣ ስንት ደብተር ድርሰት እንዳረምኩ ቁጥሩን አላውቀውም፣ የኛ ጀማሪ የሚቸገርበትን ነገር የእንግሊዝኛ መጽሔት ሊያውቀው አይችልም። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጀማሪው «ዝናብ እየዘነበ ነበር። አልማዝ በር ላይ ቆማ ነበር። ቡናው ተጥዶ ነበር።» እያለ ገጹን በነበር ይሞላዋል፣ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ጆሮ ላይ እንደ መዶሻ ነው። «ዝናቡ አላባራም። አልማዝ በር በሩን እንዳየች ቡናው ገነፈለ።» ብትይው ነበር የሚባል ነገር ሳይኖር ያው ዝናብ፣ ያው ሴት፣ ያው ጀበና አለ፣ እንዲያውም ሰው እየጠበቀች እንደሆነ ገባን። ይሄንን የሚነግርሽ አማርኛ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ንግግር ስትጽፊም እንደዛው ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፣ «ማን አለ?» ብለሽ ብትጽፊ ማን ተናገረ ነው ወይስ እቤት ማን ይገኛል? አንባቢው ወደኋላ ተመልሶ ማንበብ ካለበት ከታሪኩ ወጥቷል ማለት ነው።

መጽሔት ካማረሽ የኛኑ ፈልጊ፣ የድሮ መነን እና የካቲት አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ጋ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ አጫጭር ልቦለድ አለበት። በዓሉ ግርማ ራሱ፣ የኢሉባቦሩ ልጅ፣ መነንን ያዘጋጅ ነበር፣ ጽሕፈቱ የተሳለው እዛ የጋዜጠኝነት ጠረጴዛ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪክሽን ግን ለሰው አሳዪ። ከእህትሽ ውጪ ለሆነ ሰው፣ እርሳስ ይዞ ለሚያነብ። ከፈቀድሽ አንዱን ላኪልኝ፣ ጊዜ ወስጄ ነው የማነበው።

ቦሳ ቂጦ
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ነበርን በተመለከተ ልክ ነዎት፣ መጽሔቱ ምንም አያውቅም ማለት ግን ይከብደኛል። ሰውየው አንድ እግሩን ሚኒባስ ላይ ሰቅሎ መጀመሩ እኮ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም ይሠራል። እኔ በእንግሊዝኛም ስለምጽፍ ብዙ ተምሬበታለሁ። የምቃወመው ክፍያውን ነው፣ ነጻው ስለሚበቃ። ፖየትስ ኤንድ ራይተርስ የሚባለው ድርጅት ጽሑፍ የሚቀበሉ መጽሔቶችንና ውድድሮችን ዝርዝር ዌብሳይቱ ላይ በነጻ ነው የሚያስቀምጠው። ዘ ራይተር የሚባለው መጽሔት ደግሞ ቦስተን በ1887 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እትሞች ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የድሮ ጽሑፍ በነጻ የሚገኝበት ዌብሳይት ላይ አሉ፣ ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል አውርጂው። ሰው ከመቶ ዓመት በፊትም ጽሑፉ ተቀባይነት አጥቶ ሲመለስበት ሲያዝን ታያለሽ፣ እኔን ያጽናናኝ እሱ ነው፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ታሪክሽን ለማየት ብቻ በዶላር ክፈዪ ለሚል ቦታ አትላኪ፣ በነጻ የሚያነቡ አሉ።

ሂርማታዋ
ሁላችሁንም ገለቶማ። ለአክስቴ ልጅ ብሩን ላኪልኝ አልኳት፣ ከፊሉን ታይፕ ላደረግኳቸው ሦስት ታሪኮች ፕሪንት ላውለው ነው፣ ሰፋ ባለ መስመር፣ እርሳስ እንዲገባበት። መምህር፣ ለርስዎ አንድ ኮፒ አለ፣ የት እንደማደርስልዎት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። የአዌቱ ዳር እና ቦሳ ቂጦም ካነበባችሁልኝ ደስ ይለኛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ብናነብስ? የናንተንም አምጡ።

ትናንት ማታ የመጀመሪያው ታሪክ አንደኛ ገጽ ላይ ነበርን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት፣ 19 ሆነ። እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች «ይሄ ሁሉ ስህተት ነው?» አለችኝ፣ አይደለም አልኳትና ገጹን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ራሷ «በቃ ገባኝ» አለችኝ። እስክንተኛ 12ቱን አብረን አወጣናቸው። ሰባቱ ይቅሩ ብላለች፣ እሱን ቅዳሜ እንከራከርበታለን።